የታመመ ሰው ወንበር

በአገራችን ሰው ከሚያፍርባቸው ነገሮች አንዱ፥ ከእጁ ያወጣውን ገንዘብ «መልሱልኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚበደር ሰው እንኳ ያን ያህል አያፍርም፤ ተበዳሪ «እመልሳለሁ» የሚል ተስፋ ይዞ ይቀርባልና። «መልሱልኝ» የሚለው ግን ስስታም፥ ወይም ጠበኛ፥ ወይም ደግሞ የተታለለ ሞኝ መስሎ እንዳይታይ ይፈራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሦስቱ አንዱን ከመባል ይልቅ ገንዘቡን ትቶ መሄድን ይመርጣል። ሌላው ደግሞ ኀፍረቱን በቁጣ ይሸፍንና ገና ከበር ሲገባ ይጮኻል። እኔ በሃያ ዓመቴ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ጮኽሁ፥ ቀጥሎ ትቼው ልሄድ አሰብሁ፥ ከዚያም ከሁለቱ የከፋ ሦስተኛ ሥራ ልሠራ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የምነግርህ ይህንኑ ነው።

እናቴ የወሎ ሰው ናት። በ1977 ዓ.ም. በተነሣው ረኀብ ምክንያት ከወላጆችዋ ጋር ወደ አሶሳ ሰፈራ የመጣችው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሰፋሪዎቹ የተደለደሉባቸው መንደሮች በቁጥር ይጠሩ ነበር፤ ዛሬም በአሶሳ ዙሪያ «አምባ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቁጥር የሚጠራላቸው መንደሮች አሉ። እኔም ከነዚሁ በአንደኛው ተወለድሁ። አገሩ የበርታ ሕዝብ አገር ነውና ከቤታችን አጠገብ አንዲት የበርታ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ከእናቴ ጋር እሳት የሚጫጫሩ ጎረቤት ነበሩ፤ እኔንም በልጅነቴ አዝለውኛል። ስለ እርሳቸው ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ በአሶሳ ከተማ አንድ የግል ማሠልጠኛ የሒሳብ አያያዝና የኮምፒዩተር ትምህርት ለ12 ሳምንት እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። ዋጋው 2400 ብር ሲሆን የመመዝገቢያው 100 ብር ለብቻው ነበር። በዚያን ጊዜ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መሥሪያ የሚያውቅ ወጣት ሥራ አያጣም ይባል ስለ ነበር፥ እኔም ነጋ ጠባ ስለዚሁ ትምህርት ብቻ እናገር ጀመር። እናቴ ምንም ሳትናገር ሁለት ፍየሎችና ከዓምናው የተረፈውን አኩሪ አተር ሸጠች፤ የጎደለውን ከመቀነትዋ ፈትታ ጨመረችበት። ጥቅምት 2 ቀን ሄጄ ሙሉውን ከፈልሁ፤ ደረሰኝ ተቀበልሁ፤ ባለ ሁለት ገጽ ቅጽ ሞልቼም ፈረምሁ። ከፊርማዬ በላይ በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ በማናቸውም ምክንያት ተመላሽ አይሆንም» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። እኔ ግን ያየሁት ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሕፈት ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናይ፥ ዓይናችን የግድግዳው ቀለም አድርጎ ያልፈዋል። እኔም የቅጹን ቃል ያለፍሁት እንደዚሁ ነው።

ትምህርቱ ሰኞ ጥቅምት 7 ቀን ተጀመረ። ክፍሉ ውስጥ 16 ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ወንበር። የእኔ በሦስተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል ነበረ። ሰኞ፥ ማክሰኞ፥ ረቡዕና ሐሙስ ተማርሁ፤ ዓርብ ጧት ግን ብርድ ብርድ አለኝና ከአልጋዬ መነሣት አቃተኝ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሸችልኝ፤ እኔም የራስ ምታት ክኒን ዋጥሁ። ቅዳሜ የተሻለኝ መሰለ። እሑድ ማታ ግን የማላውቀውን እዘባርቅ ጀመር፤ የእናቴንም ፊት መለየት ተሳነኝ። በዚያን ጊዜ ያች የበርታ ጎረቤታችን በጨለማ ወጥተው ባጃጅ ፈልገው አመጡ፤ እኔን በጭናቸው አስደግፈው ወደ አሶሳ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ለመድኃኒቱና ለምግቡ የሚሆነውንም ገንዘብ ከራሳቸው አውጥተው ለእናቴ ሰጡ። ወረቀት አልተጻፈም፤ ምስክር አልተጠራም።

ከባዱ ወባ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛሁ፤ ከወጣሁም በኋላ ደሜ አልቆ ስለ ነበር ከደጃፍ እስከ ጓሮ ለመሄድ ግድግዳ እይዝ ነበር። የእኛን አገር ለማያውቅ ሰው፥ ወባ በአሶሳ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ልንገረው። በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ያለው ምድር በብዛት ወባ የሚገኝበት ነው፤ አሶሳ ደግሞ ከዚህ በብዙ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ክረምቱ ሲወጣና ውኃው በየጉድጓዱ ሲቀር፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ትንኙ ይበዛል። ይህ በሽታ ያለፈ ታሪክ ነው እንዳንል፥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ ከ1000 በላይ ሰዎችም ሞተዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳስበው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ከባዱ ወባ ትንኝዋ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱን እስኪያመጣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አራት ቀን በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። እኔ ገንዘቡን ከከፈልሁበት ቀን እስከ ታመምሁበት ቀን ያለው ዘጠኝ ቀን ነው። እንግዲህ በዚያ ቅጽ ላይ ስሜን ስጽፍ በሽታው በደሜ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። እኔ አላወቅሁም፤ ገንዘቡን የተቀበለችውም ሴት አላወቀችም። ማንም ያላጠፋው ጥፋት በማን ላይ መውደቅ አለበት? ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር።

ኅዳር 19 ቀን ጥቂት ብርታት ሲሰማኝ ወደ ማሠልጠኛው ሄድሁ። ሰባተኛው ሳምንት መግባቱ ነበር። አሳቤ ገንዘብ መጠየቅ አልነበረም፤ ያመለጠኝን ከጓደኛ ደብተር ገልብጬ የቀረውን ለመማር ነበር። የክፍሉን በር ከፍቼ ብመለከት በሦስተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል የማላውቀው ጐልማሳ ተቀምጦ ይጽፋል። መምህሩም «አንተ የተውህ መስሎን ነው፤ አሁን ባዶ ወንበር የለም» አለኝ።

ወደ መዝጋቢዋ ቢሮ ስሄድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከድካሙ ይሁን ከንዴቱ አላውቅም። የሆስፒታሉን ወረቀት አሳየኋት። እርስዋም ወረቀቱን አይታ «እግዜር ይማርህ» አለችኝና ቅጼን ከመሳቢያ አውጥታ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በጣትዋ አመለከተችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን ሁሉ ልጽፈው አልወድም። «ሌቦች» ማለቴን ግን አልደብቅም። ድምፄን የሰሙ ተማሪዎች በመስኮት አዩኝ፤ ዘበኛውም ክንዴን ይዞ ቀስ አድርጎ አስወጣኝ። እርሱም ቢሆን አልገፋኝም፤ እንዲያውም በር ላይ አስቀምጦ ውኃ አጠጣኝ። የተናደደ ሰው የሚያደርጉለትን ደግነት አያይም፤ እኔም ውኃውን ጠጥቼ ሳላመሰግን ሄድሁ።

ያን ቀን ማታ አንድ የማውቀው ልጅ የሆነውን ሰምቶ መጣና ሳቀብኝ። «አንተ እውነቱን ይዘህ ትሄዳለህ፤ እውነት ማን ይከፍልበታል?» አለኝ። ከዚያም በ50 ብር የሕክምና ወረቀት የሚጽፍ ሰው እንደሚያውቅ ነገረኝ። በወረቀቱ ላይ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት እንደ ታመምሁና አንድም ቀን እንዳልተማርሁ ቢጻፍልኝ፥ ማሠልጠኛው ክስ ፈርቶ ሙሉውን ይመልሳል ብሎ አስረዳኝ። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ ከነማኅተሙ በኪሴ ነበር። ልብ አድርግ፤ እኔ በእርግጥ የታመምሁ ሰው ነኝ፤ እውነተኛ የሆስፒታል ወረቀትም አለኝ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የውሸት ሕመም በ50 ብር ገዛሁ።

እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ወረቀቱን ስገላብጥ አየችኝና «ምን ይላል?» አለችኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ያነበብሁላትን ሁሉ እንዳለ ትቀበላለች።

«ከመስከረም 28 ቀን ጀምሮ ታሞ ተኝቷል ይላል» አልኋት።

«መስከረም 28?» አለችና ጥቂት አሰበች። «በዚያ ቅዳሜማ እሸት ይዘን ገበያ ወጥተን አልነበረም እንዴ? ከባዱን ኩንታል የተሸከምኸው አንተ አይደለህም?»

«ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ታዲያ ምነው ሳታሳርመው መጣህ? በሞቴ፥ ነገ በጧት ሂድና አሳርመው። በተሳሳተ ወረቀት ገንዘብ ቢሰጡህ ኋላ ጣጣ ነው» ብላ ወደ ጀበናዋ ተመለሰች።

እርስዋ ምንም አልጠረጠረችም። ብትጠረጥረኝና ብትቆጣኝ ኖሮ እከራከራት ነበር፤ አምናኝ ዝም በማለትዋ ግን የምከራከረው ሰው አጣሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። በዚያ ወረቀት ገንዘቡን ብቀበል ሁለት ነገር ይሆናል ብዬ አሰብሁ። አንደኛው፥ በአልጋ ላይ ያሳለፍሁት ያ ሁሉ ስቃይ የተፈጠረ ወሬ ይሆናል፤ ማስረጃው ሐሰት ነውና። ሁለተኛው፥ ውሸቱ አንድ ቀን ቢገለጥ፥ ከእኔ በኋላ እውነተኛ ወረቀት ይዞ የሚመጣውን በሽተኛ ማንም አያምነውም። በየመሥሪያ ቤቱ የሕመም ወረቀት ይዘን ስንቀርብ ጸሓፊው ወረቀቱን ትቶ ፊታችንን የሚመረምረው ከእኛ በፊት ማን እንዳለፈ ስለሚያውቅ ነው። ሲነጋ ወረቀቱን በምድጃው ውስጥ ከተትሁት። ልጁን 50 ብሩን መልስልኝ ለማለት ግን አልደፈርሁም፤ እርሱም ተመላሽ የማይሆን ገንዘብ ነበረ።

በመንደራችን በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ለብዙ ዓመት በዳኝነት ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እርሳቸው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም፥ የውሸቱንም ወረቀት ሳይቀር ነገርኋቸው። ሽማግሌው ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑ የተገነጠለ የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጡ። ይህ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ነው፤ ስለ ውል የሚናገረው ክፍሉ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

«ስትፈርም አንብበህ ነበር?» አሉኝ።

«አላነበብሁም፥ አባባ።»

«እንግዲያው የመጀመሪያው አንቀጽ በአንተ ላይ ነው» ብለው ቁጥር 1731ን ገለጡ። በሕግ መሠረት የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል የሚል አሳብ አለው። ቀጥለውም ቁጥር 1793ን አሳዩኝ፤ ከአቅም በላይ ከሆኑት ነገሮች መካከል ድንገተኛና ከባድ ሕመም መቆጠሩን ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝና «ይኸው እኔን ነው የሚለው!» አልሁ።

«ቆይ፥ አትቸኩል» አሉኝ። «ይህ የሚያድነው ግዴታውን መፈጸም ያቃተውን ሰው ነው። ያንተ ግዴታ መክፈል ነበረ፤ ከፍለሃል። የእነርሱ ግዴታ ማስተማር ነበረ፤ እነርሱ አልታመሙም፤ በራቸውንም አልዘጉም።» ደስታዬ ወዲያው ጠፋ። ሽማግሌው ግን መጽሐፉን ገና አላጠፉትም ነበር። ወደ ኋላ ሄደው ቁጥር 2162ን አገኙ። ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሰው ገንዘብ ወይም ድካም የተጠቀመ ሰው ባገኘው ጥቅም ልክ መካስ አለበት የሚል ነው። ከዚያም ቀና ብለው «ለመሆኑ ወንበርህ ምን ሆነ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሌላ ሰው ተቀምጦበታል።»

«በነጻ ነው ወይስ ከፍሎ?»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ራሴ ሕመምና ስለ ራሴ ገንዘብ ብቻ ሳስብ፥ ወንበሩን ረስቼዋለሁ።

በማግስቱ አብሮኝ ከጀመረ ተማሪ ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፥ ያ ጐልማሳ የገባው በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ነው። የከፈለውም ለቀሩት ዐሥር ሳምንታት 2000 ብር ነበር። ስለዚህ ወንበሬ ባዶውን የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሠልጠኛው ስለ አንድ ወንበር ከሁለት ሰው ገንዘብ ይዟል።

እዚህ ላይ ስለ ማሠልጠኛው ደግሞ እውነቱን መናገር ይገባኛል። ተማሪ ሲቀር የመምህሩ ደመወዝ አይቀንስም፤ የቤቱ ኪራይ አይቀንስም፤ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ ተብሎ የመብራት ሒሳብ አይቀርም። ዕቁብ የገባ ሰው ታሞ ቢተኛ እንኳ ተራው እስኪያልቅ ድረስ ይጥላል፤ ካልጣለ የሌላው ዕጣ ይጎድላል። የታመመ ሁሉ የከፈለውን እንዳለ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ትንንሾቹ ማሠልጠኛዎች በአንድ የወባ ወራት ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ የአሶሳ ልጅ ለአንድ ትምህርት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ባዶ ወንበር እውነተኛ ጉዳት አለው። የተሸጠ ወንበር ግን ባዶ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ብዙዎች ጠይቀውታል። በኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ በመካከለኛው ዘመን ተማሪዎቹ ራሳቸው ማኅበር አቁመው መምህሩን ይቀጥሩ ነበር፤ መምህሩ ቢቀር ወይም ቢያረፍድ መቀጫ ያስከፍሉት ነበር። ያን ሳነብ እኔ ብቻ መቀጣቴ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ሲታዘዝ፥ ወላጆች «ልጆቻችን ሳይማሩ አንከፍልም» አሉ፤ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ «የመምህራኑን ደመወዝ ከየት እናምጣ?» አሉ። የትምህርት ሚኒስቴርም ትምህርት ቤቶቹ ከወርኃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲቀበሉ ወሰነ። በዚያ ውሳኔ ሁለቱም ወገን አጉረመረመ። እኔ ግን ሁለቱም ማጉረምረማቸውን ሳይ፥ ጉዳቱ የሁለቱም ትከሻ ላይ እንደ ወረደ ተረዳሁ።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ሽማግሌው ማመልከቻ እንድጽፍ መከሩኝ፤ አጻጻፉንም አስተማሩኝ። ምናልባት አንተም አንድ ቀን ያስፈልግህ ይሆናልና ልንገርህ። «በመጀመሪያ የሚጎዳህን ጻፍ» አሉኝ። ስለዚህ ቅጹን ሳላነብ መፈረሜን፥ አራት ቀን መማሬን፥ የታተመውን የትምህርት ጥራዝ መቀበሌን፥ በታመምሁ ጊዜም ሰው ልኬ አለማስታወቄን ጻፍሁ። ይህ የመጨረሻው በጣም ከበደኝ፤ እናቴ ስልክ ነበራት፤ የማሠልጠኛውም ቁጥር በደረሰኙ ላይ ታትሞ ነበር። በወቅቱ አስታውቄ ቢሆን ወንበሬን ለእኔ ያቆዩልኝ፥ ወይም ባዶውን ሳይቆይ ለሌላ ይሰጡት ነበር። ቀጥዬ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ቀን ከሆስፒታሉ ወረቀት ገልብጬ ጻፍሁ፤ የወረቀቱንና የደረሰኙን ቅጂ አያያዝሁ፤ ዋናውን ግን አስቀረሁ። በመጨረሻም ሒሳቡን አስቀመጥሁ፤ 2400 ብር ለ12 ሳምንት ሲካፈል ለአንዱ ሳምንት 200 ብር ነው። የተማርሁበት ሳምንት 200፥ ወንበሩ ባዶ የቆየበት ሳምንት 200፥ በጠቅላላው 400 ብር የማሠልጠኛው ይሁን፤ የመመዝገቢያውንም 100 ብር አልጠይቅም፤ ወንበሩ ለሌላ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ያለው 2000 ብር ግን ይመለስልኝ አልሁ። ከምጠይቀው ገንዘብ ላይ በገዛ እጄ 400 ብር ስቀንስ፥ የእናቴ ፍየሎች በዓይኔ ላይ ይመጡብኝ ነበር።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዤ ሄድሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ወደ መዝጋቢዋ ገብቼ «እኅቴ፥ የዚያን ዕለት ስለ ተናገርሁት ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። እርስዋም ቀና ብላ ሳታየኝ «እኔም ያን ሰሞን ልጄ በወባ ተኝቶብኝ ነበር፤ ሆስፒታል አድሬ ነበር የምመጣው» አለች። ከዚያም ማመልከቻዬን መዝግባ ቁጥር ሰጠችው፤ ቅጂውን ማኅተም አድርጋ መለሰችልኝ።

ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ አልገቡም ተባልሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ። ሁለቱንም ጊዜ ዘበኛው አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ስለዚያች ስለ ውኃይቱም አመሰገንሁት። በሦስተኛው ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የተማሪዎቹን ስም መጥሪያና የገንዘብ መቀበያውን ጥራዝ አስመጥተው ቀኖቹን አስተያዩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እርሳቸው ግን በደከመ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«ወንድሜ፥ ቅጹ ያለው ያለ ነው፤ አላነበብሁም ማለትህም ሰበብ አይሆንም። ነገር ግን ይህ ሰው የከፈለው ባንተ ወንበር መሆኑን እኔም አላየሁትም ነበር። ከፈለግህ በየካቲት በሚጀምረው ዙር በነጻ ተማር፤ ካልፈለግህም 2000 ብርህን ውሰድ።»

የካቲትን ብጠብቅ የምወድደውን ትምህርት አገኝ ነበር። ነገር ግን ለሕክምና የተበደርነው ገንዘብ ነበረብን፤ እናቴም ከፍየሎቹ አንዱን እንኳ መልሳ ለመግዛት ትመኝ ነበር። ገንዘቡን እወስዳለሁ አልሁ። ሒሳብ ሹሙ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ እኔም ቆጥሬ ተቀበልሁ፤ የሰጡኝን ወረቀት ግን በዚያን ቀን ከመፈረሜ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሒሳብ ሹሙ በትዕግሥት ጠበቀኝ። ቅጹ ላይ ያለው ቃል አልተፋቀም፤ ስወጣ አዳዲስ ተመዝጋቢዎች በዚያው ቅጽ ላይ ሲፈርሙ አየሁ። ለአንዱ «ከግርጌው ያለውን አንብበኸዋል?» ብለው ተቆጣኝ። ትምህርቱን እኔ የተማርሁት በዓመቱ በሌላ ቦታ ነው።

በዚያው ማታ እናቴ 600 ብር ቆጥራ ሰጠችኝና ለጎረቤታችን እንድወስድ ላከችኝ። ባልቴቲቱ ከጎጆአቸው በር ላይ ተቀምጠው ባምያ ይከትፉ ነበር። በወጣትነታቸው ወርቅ ያጥቡ ስለ ነበር ጣቶቻቸው ትንሹን ነገር ሳይቀር ለይተው ያነሣሉ፤ ብሩንም እንደዚያ አንድ በአንድ እያነሡ ቆጠሩት። 500 ብሩን ለመድኃኒቱና ለምግቡ ብለው በአንድ በኩል አኖሩ፤ የባጃጁን 100 ብር ደግሞ ለሁለት ከፈሉት። ኀምሳውን አንሥተው ወደ እኔ ዘረጉ።

«ይህን ለእናትህ መልስላት» አሉኝ።

«የባጃጁ ነው እኮ፥ እማማ፤ መቶ ብር ከፍለዋል» አልኋቸው።

«አውቃለሁ። ባጃጁ ላይ አንተ ብቻ ነበርህ እንዴ? እኔም ተቀምጬ ነበር» አሉና፥ ኀምሳ ብሩን በእጄ ላይ አድርገው የማሽላውን ገንፎ ሊያማስሉ ወደ ውስጥ ገቡ።